ወራሽ የማያስፈልጋት ሉካንዳ ቤት

መንደርደሪያ

በዚህ ዓምድ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ድንበርና ስለ ታሪክ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ግን ስለ ሥጋ ቤት ነው። ያውም በእውን ስለሌለች፣ ጎረምሶች ለጨዋታ በሚፈጥሩት የተረት ከተማ ውስጥ ስላለች የአንድ ቤተሰብ ሥጋ ቤት። «ሰውየው ሥራ ፈቷል» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የብዙዎቻችንን ቤት እንደሚያንኳኳ ላሳይ እሞክራለሁ።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ በየሳምንቱ ቅዳሜ አራት ጓደኞቹን ሰብስቦ ቤዝመንታችን ውስጥ ይጫወታል። ልጁ ጨዋታውን የሚመራው እሱ ስለሆነ፣ ጓደኞቹ በምናባቸው የሚገቡበትን ከተማ አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። አንድ ምሽት ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣና «አባዬ፣ አያቴ ሥጋ ቤት ነበራቸው አይደል? ሥጋ ቤት ውስጥ ምን ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ልጅ ሥጋን የሚያውቀው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዋጋና ቀን ተለጥፎበት ነው። አያቱ ምን ይሠሩ እንደነበር በራሱ ፍላጎት ሲጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በሙያዬ የውኃ መሐንዲስ ነኝ። እኛ መሐንዲሶች ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁን እንጂ በቀላሉ አንላቀቅም። ከልጄ ጋር ያቺን የምናብ ሥጋ ቤት ለመገንባት ሦስት ወር ፈጀብን። በዚያ ሦስት ወር የተማርኩትን ነው እንደሚከተለው የማቀርበው።

ጨዋታው ምንድነው?

ለማያውቁት ወገኖቼ በአጭሩ ላስረዳ። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በተባሉ ሁለት ሰዎች ተዘጋጅቶ ታተመ። መሠረቱ በትንንሽ አሻንጉሊት ወታደሮች የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነበር። አዲሱ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ሠራዊት መምራቱን ትቶ አንድ ሰው መሆኑ ነው። አንዱ ጎራዴ ታጣቂ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ ይሆናል። አንድ መሪ ታሪኩን ይተርካል፤ ተጫዋቾቹ ምን ማድረግ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ፤ ይሳካላቸው እንደሆነ የሚወስነው ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ነው። ገበታ የለም፤ ጠቅላላው ነገር የሚኖረው በተጫዋቾቹ ምናብ ውስጥ ነው።

ሕፃናትን በተረት ያሳደገ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ እዚህ ሰሚው ተረቱን እያቋረጠ «እኔ በጓሮ በኩል እገባለሁ» ማለት መቻሉ ነው። ስለዚህ ተራኪው ጓሮው ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አለበት። ዘንዶውንና ንጉሡን ማንም ይፈጥራል። ተጫዋቹ ድንገት «ርቦኛል፣ ሥጋ የሚሸጠው የት ነው?» ሲል ግን ከተማው እውነት ይምሰል አይምሰል ይለያል። ሥጋው ከየት መጣ? ማን አረደው? ቆዳው የት ሄደ? ከሻጩ ጎን የቆመችው ሴት ማን ናት? ልጄን ወደ እኔ ያመጣው ይኸው ነበር።

የምናብ ከተማው ከየት ተቀዳ?

የእነዚህ ጨዋታዎች ከተሞች በአብዛኛው የተቀዱት ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ነው። በዚያ ዘመን ሥጋ ሻጭነት እንደ ርስት በዘር የሚተላለፍ ሙያ ነበር። በፓሪስ ከተማ ሻትሌ በተባለው አካባቢ ታላቁ ሥጋ ቤት የሚባል ገበያ ነበር። እዚያ ቦታ ይዞ ሥጋ ለመሸጥ ከጥቂት የታወቁ ቤተሰቦች መወለድ ግድ ነበር፤ ቦታው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ገንዘብ ያለው እንግዳ ሰው ዝም ብሎ ሊገባበት አይችልም። እነዚህ ቤተሰቦች በገንዘብም በጉልበትም እጅግ በርትተው ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1413 በፓሪስ ፖለቲካ ውስጥ ገብተው ከተማዋን ያናወጠ አመፅ አስነሡ። አመፁ እስከ ዛሬ የሚጠራው ሲሞን ካቦሽ በተባለ ቆዳ ገፋፊ ስም ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ተቀናቃኞቻቸው ታላቁን ሥጋ ቤት አፈረሱት። እንደ እውነቱ ከሆነ ሥጋ ሻጭን የናቀ ንጉሥ ዋጋውን ከፍሏል።

ሌላው ምሳሌ የእንግሊዟ ዮርክ ከተማ ናት። ሻምብልስ የሚባል ጠባብ ጎዳና አላት። ስሙ የመጣው ሥጋ ሻጮቹ ከመስኮታቸው ውጭ ሥጋ ከሚደረድሩበት መደርደሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 በዚያች አጭር ጎዳና ላይ 25 ሥጋ ቤቶች ነበሩ። ዛሬ አንድም የለም። ቤቶቹ ግን አሉ፤ ሥጋው ይሰቀልበት የነበረው ብረትም በአንዳንዶቹ ላይ ይታያል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ የአስማተኛ ዱላ የሚሸጡ ሱቆች ተከፍተውባታል፤ ቱሪስቱም የተረት ከተማ መስላ ስለምትታየው ይጎርፍላታል። የእውነት ሥጋ ሻጮች ጎዳና የምናብ ዓለም ዕቃ መሸጫ ሆነች ማለት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዋጋ ዝርዝሩ ሲፈተሽ

ልጄ የጨዋታውን መጽሐፍ አምጥቶ አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ውስጥ የዋጋ ዝርዝር አለ። ላም 10 የወርቅ ሳንቲም ነው። አንዱ የወርቅ ሳንቲም በአሥር የብር ሳንቲም ይመነዘራል፤ ስለዚህ ላሟ 100 የብር ሳንቲም ናት። አንድ ቁራጭ ሥጋ 3 የብር ሳንቲም ነው። ሙያ የሌለው የቀን ሠራተኛ የቀን ደመወዙ 2 የብር ሳንቲም ነው።

እስክሪብቶ አወጣሁ። «ላሟ 300 ኪሎ ናት እንበል» አልኩት። ታርዳ፣ ቆዳና ሆድ ዕቃዋ ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ይቀራል፤ 150 ኪሎ። አጥንቱ ሲወጣ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሥጋ ይገኛል። መጽሐፉ የቁራጩን ክብደት ስላልነገረን ግማሽ ኪሎ አድርገን ወሰድነው። 200 ቁራጭ ማለት ነው። በ3 የብር ሳንቲም ሲባዛ 600። በ100 የተገዛች ላም 600 አወጣች! ቆዳውን፣ ምላሱንና ጨጓራውን ገና አልሸጥንም።

«አባዬ፣ እንግዲያ ከንጉሡ ይልቅ ሥጋ ሻጩ ሀብታም ነው» አለኝ። እኔም በሆዴ አባቴ ይህን ዋጋ ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር እያሰብኩ ሳቅሁ። ቀጥለን የቀን ሠራተኛውን አየነው። አንድ ቁራጭ ሥጋ ለመግዛት አንድ ቀን ተኩል መሥራት አለበት። ልጄ ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ ማን ይገዛዋል?» አለ። ዋጋው የተጻፈው ወርቅ ተሸክመው ለሚዞሩ ጀብደኞች እንጂ በከተማው ለሚኖረው ሰው እንዳልሆነ ራሱ ደረሰበት። መጽሐፉ በዚህ ሊወቀስ አይገባውም፤ የተጻፈው ለጨዋታ ነው። ነገር ግን የቀን ሠራተኛ በደመወዙ ሥጋ መግዛት የማይችልበት ከተማ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሣው የሥጋን ዋጋ አይደል?

ያን ጊዜ ነው ስለ ቅርጫ የነገርኩት። ሃያ ቤተሰብ ተሰብስቦ ያችን 100 የብር ሳንቲም የምታወጣ ላም ቢገዛ ለእያንዳንዱ ቤት 5 የብር ሳንቲም ይደርሰዋል። የሁለት ቀን ተኩል ደመወዝ ማለት ነው። ለዚህም 5 ኪሎ ሥጋ፣ ከአጥንቱና ከሆድ ዕቃው ድርሻ ጋር ያገኛል። ያንኑ 5 ኪሎ በቁራጭ ልግዛ ቢል 30 የብር ሳንቲም፣ የአሥራ አምስት ቀን ደመወዝ ይጠይቀዋል። መደቡ እኩል መሆኑን የሚዳኝ ሽማግሌ፣ ዕጣ የሚያወጣ ሰው፣ ገንዘቡ የጎደለበትን ጎረቤት የሚሸፍን ሌላ ጎረቤት ካለ ቅርጫ ይሠራል። ልጄ ይህን ሲሰማ እርሳሱን አነሣ። በእሱ ከተማ የድሆች ሰፈር በበዓል ዋዜማ ቅርጫ የሚያርድ ሆነ። የሥጋ ቤቱ ቤተሰብም በዚያ ቀን ቢላዋውንና እጁን አከራይቶ ቆዳውን እንደ ዋጋው ይወስዳል።

ቧንቧና ፍሳሽ

ከጠረጴዛው ጨዋታ ወደ ኮምፒዩተሩ እንሻገር። በዚህ በኩል የታወቀው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አልቲማ ኦንላይን ነው። በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ የነበረው ኦሪጂን ሲስተምስ የሠራው ይህ ጨዋታ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚኖሩበት የምናብ አገር ነበር። ሥጋ ቤትም ነበረው። ዋና ንድፍ አውጪው ራፍ ኮስተርና ጓደኞቹ ሐሳባቸው ትልቅ ነበር። ሣር ይበቅላል፣ ጥንቸል ሣሩን ይበላል፣ ተኩላ ጥንቸሏን ያድናል፤ ጥንቸል ሲጠፋ ተኩላው ተርቦ ወደ ከተማ ይመጣል። ተፈጥሮን በኮምፒዩተር ሊያስመስሉ ነበር።

ታዲያ ተጫዋቹ ሲገባ ምን ሆነ? ያየውን ሁሉ ገደለ። ጥንቸሉንም ተኩላውንም አጋዘኑንም። እንስሳቱ ከሚራቡበት ፍጥነት ይልቅ የሚገደሉበት ፍጥነት በለጠ። የተደከመበትን ሥርዓት የሚያየው እንኳ አልተገኘም፤ በመጨረሻም እንዲወጣ ተደረገ።

ሁለተኛው ሐሳባቸውም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። በዓለሙ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ሀብት የተወሰነ እንዲሆንና እየተዘዋወረ እንዲኖር አስበው ነበር። አንድ ነገር ሲጠፋ ወይም ሲሸጥ ብቻ ሌላ ይፈጠራል። ተጫዋቾች ግን ያገኙትን ሁሉ እየሰበሰቡ በየቤታቸው አከማቹ። የተከማቸው ስለማይመለስ አዲስ ነገር መፈጠሩ ቆመ። እኛ የውኃ ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ሁሉም ሰው በርሜሉን ሞልቶ ክዳኑን ከዘጋ መስመሩ ይደርቃል። ስለዚህ አሠራሩ ተቀየረ። በአንድ በኩል እንደ ቧንቧ ያለማቋረጥ ሀብት የሚያፈስስ፣ በሌላ በኩል እንደ ፍሳሽ መውጫ ሀብትን የሚያጠፋ ሥርዓት ተዘረጋ። የጨዋታ ሠሪዎቹ ራሳቸው በዚህ ስም ነው የሚጠሩት። ቧንቧው ከበለጠ ገንዘቡ ይረክሳል፤ ፍሳሹ ከበለጠ ሰው ይደኸያል።

እኔና ልጄም ለከተማችን ይህን ሒሳብ ሠራን። ሕዝቡ 1,000 ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በቀን 100 ግራም ሥጋ ይበላል ብንል በቀን 100 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ላም ያስፈልጋል። በዓመት 365 ላም። ከመንጋው በየዓመቱ ከአሥር አንዱ ቢታረድ መንጋው 3,650 መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ ከብት ሁለት ሄክታር ግጦሽ ብንሰጥ 7,300 ሄክታር፣ ወይም 73 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሆነ። ልጄ ካርታውን አየ። በከተማው ዙሪያ ያለው ጫካ፣ ረግረግና የዘንዶ ዋሻ ብቻ ነው። ጫካውን መነጠረ፤ ዘንዶውን ወደ ተራራው አራቀው። እረኞች መጡ፤ እረኞች ሲመጡ የከብት ሌቦች መጡ፤ የግጦሽ ጠብ መጣ፤ ጠቡን የሚዳኝ ዳኛ አስፈለገ። አንዲት ሥጋ ቤት አገር አቆመች።

ከዚያ ስለ ጾም ጠየቅሁት። «የከተማችሁ ሰዎች ብዙ አማልክት አሏቸው፤ የሚጾሙት መቼ ነው?» ፈጽሞ አላሰበበትም። በአባቴ ሱቅ ረቡዕና ዓርብ ሥራ የለም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን በሩ ይዘጋል፤ በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ እንቅልፍ የለም። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሥጋ ሻጭም በጾም ወራት ሥራ ይፈታ ነበር። ጨዋታዎቹ ከዚያ ዘመን ጎራዴውንና ቤተ መንግሥቱን ሲወስዱ ጾሙን ትተውታል። ለሥጋ ሻጭ ግን ዓመቱ ማለት ጾምና ፍስክ ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ስካይሪም የተባለ ጨዋታ ልጆቻችሁ በሚገባ ያውቁታል። በዚያ ውስጥ ኋይትራን የምትባል ከተማ አለች። በገበያዋ መካከል አኖሪያዝ የሚባል ሰው የአደን ሥጋ ይሸጣል። ወንድሙ ኤልሪንዲር ደግሞ እዚያው ከተማ «ሰካራሙ አዳኝ» የሚባል ሱቅ ይጠብቃል። አንዱ እያደነ ሥጋውን ይሸጣል፤ አንዱ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ቀስትና ፍላጻ ይሸጣል። ሁለቱም የዚያ አገር ተወላጆች አይደሉም፤ ዘራቸው ከሌላ አገር የሆነ የጫካ ሰዎች ናቸው። ልጄ ሲያሳየኝ «እነዚህማ የእኛ ሰዎች ናቸው» አልኩት። በባዕድ ከተማ አንዱ ወንድም ጓዳ፣ አንዱ ወንድም ካሽ ሬጅስተር ላይ ያልቆመበት የሐበሻ ሱቅ የት አለ?

ሆኖም አኖሪያዝን ለብዙ ምሽቶች ተመለከትኩት። ጠዋት መደብሩ ጋ ይመጣል፤ ሲመሽ ይሄዳል። ኪሱ ውስጥ የተወሰነ ወርቅ አለው። ዕቃ ሸጠህለት ወርቁን ብትጨርስበት፣ በጨዋታው ሰዓት አቆጣጠር 48 ሰዓት ቆይተህ ስትመለስ ኪሱ ሞልቶ ታገኘዋለህ። ሥጋውም ይተካል። ማን እንደሞላለት የሚጠይቅ የለም። ዱቤ አይሰጥም፤ ስለዚህ ዱቤ የሚከፍል ታማኝም፣ ዱቤ ይዞ የሚጠፋ ከሃዲም አያውቅም። የእኛ ሱቅ የዱቤ መዝገብ በእናቴ እጅ ነበር። በዚያ መዝገብ ውስጥ የሰፈሩ ሐዘን፣ ሠርግና ከሥራ መባረር ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። የማን ቤት ኪሎ ወደ ግማሽ ኪሎ እንደወረደ እናቴ ከማንም በፊት ታውቃለች፤ አውቃም ዝም ትላለች።

ከሁሉ በላይ ግን አኖሪያዝ አያረጅም። በዚያ ከተማ ያሉት ሕፃናትም አያድጉም። ጨዋታው ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በገበያው የሚሯሯጡት ልጆች ዛሬም ያው ልጆች ናቸው። ነጋዴ በሰይፍ ወይም በዘንዶ ቢሞት በአንዳንድ ሱቆች ሌላ ሰው ይተካዋል። ዕድሜው ገፍቶ፣ እጁ ተንቀጥቅጦ ቢላዋውን ለልጁ የሚያስረክብ ግን የለም። የቤተሰብ ሱቅ ይባላል እንጂ የቤተሰብ ዋናው ጥያቄ አልገባበትም።

ሦስተኛው ፍሰት

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ሐተታ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የአንድ ቤተሰብ ሱቅ የሚቆመው በሦስት ፍሰት ነው። አንደኛው የዕቃ ፍሰት ነው፤ ከብቱ ገብቶ ሥጋው ይወጣል። ሁለተኛው የገንዘብ ፍሰት ነው። እነዚህን ሁለቱን የጨዋታ ሠሪዎች በብዙ ድካምና ውድቀት ተምረው ዛሬ በደንብ ያውቋቸዋል። ሦስተኛው የሰው ፍሰት ነው። ማን ገብቶ ይማራል? ማን ይወጣል? ማን ይረከባል? ይህን የሚያሰላ ጨዋታ እምብዛም አላየሁም። የዮርክን 25 ሥጋ ቤቶች ዜሮ ያደረጋቸው ከብት መጥፋቱ ብቻ አይመስለኝም፤ በየቤቱ አንድ ቀን አንድ ልጅ «እኔ ሌላ ነገር እሠራለሁ» ብሎ መሆን አለበት።

ይህን የምለው ራሴን አውቄ ነው። የአባቴ ሉካንዳ አዲስ አበባ፣ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም ሳይርቅ ነበር። በሩ ላይ መስቀል የተሳለበት፣ ሚዛኑ ከበሩ የሚታይ ጠባብ ቤት ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የሥጋ ማንጠልጠያዎቹን አጥባለሁ። ሻኛውን ከዳቢቱ፣ ታላቁን ከታናሹ መለየት የተማርኩት ፊደል ከቆጠርኩ ብዙም ሳልቆይ ነበር። አባቴ ግን ቢላዋ አስይዘውኝ አያውቁም። «እኔ ቢላዋ ይዤ ቆሜአለሁ፤ አንተ እስክሪብቶ ይዘህ ተቀመጥ» ይሉኝ ነበር። እኔም ተቀመጥሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን እዚያው፣ ሁለተኛውን እዚህ አሜሪካ ያዝሁ።

ለሁለተኛው ዲግሪ ስማር አንድ እሑድ አባቴ ደወሉ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ዝናቡ ከተነጋገርን በኋላ «ሱቁን ምን ላድርገው?» አሉኝ። እኔ በማግስቱ ፈተና ነበረብኝ። «እንደሚሻልዎ ያድርጉት አባባ፤ በእኔ ሐሳብ አይያዙ» አልኳቸው። ምክር የጠየቁኝ መስሎኝ ነበር። ሱቁን ከልጅነቱ ጀምሮ አብሯቸው ለሠራው ሥጋ ቆራጭ አስረከቡት። ጥሩ ሰው ነው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ ልጅ ጦሯቸዋል። የጠየቁኝ ምክር እንዳልነበረ የገባኝ ግን ብዙ ዘግይቶ፣ እኔም ልጅ ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ ነው።

ውድ አንባብያን፤ በዋሽንግተን፣ በዳላስ፣ በለንደንና በስቶክሆልም ወገኖቻችን የከፈቷቸውን ሱቆች ዞር ብላችሁ እዩ። ጥሬ ሥጋ በአንድ ጥግ፣ በርበሬና እንጀራ በሌላው ጥግ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ። አባትና እናት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ይቆማሉ። ልጆቹ ከባንኮኒው ኋላ የቤት ሥራቸውን ሠርተው አድገው ሐኪም፣ ጠበቃና መሐንዲስ ሆነዋል። እሰየው! ወላጆቹ የደከሙት ለዚሁ ነው። ነገር ግን የሱቁ መሳካት የሱቁን ወራሽ የሚያሳጣ ከሆነ፣ ይህን አስቀድሞ ማወቅና መነጋገር ያስፈልጋል። ልጆቻችሁን አስገድዳችሁ ቢላዋ አስይዟቸው ማለቴ አይደለም። እኔም ብገደድ ኖሮ ሱቁን እጠላው ነበር። ማለት የፈለግሁት፣ የሚረከብ ልጅ ከሌለ የሚረከበው ሠራተኛ ማን እንደሆነ በጊዜ ይታወቅ፤ ለእሱም ሙያው ብቻ ሳይሆን መዝገቡም ይሰጠው ነው። ልጆቹም ሱቁን ባይወርሱ እንኳ ሱቁ እንዴት ይሠራ እንደነበር ይወቁ። የአባቴን ሱቅ የተረከበው ሰው ቢላዋውን ወርሷል። እናቴ ዝም ብላ የምታውቀውን ነገር ግን ማንም አልጻፈውም፤ ከእሷ ጋር ሄዷል።

እንደ መደምደሚያ

የልጄ ከተማ በመጨረሻ ተጠናቀቀች። ሥጋ ቤቷም ተከፈተች። ባለቤቱ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ የዱቤ መዝገብ ትይዛለች። አንዱ ልጁ አስማት ሊማር ወደ ዋናው ከተማ ሄዷል። አብሯቸው የሚሠራ አንድ ቆራጭ አለ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጓደኞቹ ዘንዶውን ሊገድሉ ተዘጋጅተው መጡ፤ ለስንቅ ሥጋ ሊገዙ ወደ ሱቋ ገቡ። ሽማግሌው ግን ሥጋውን እየመዘነ «ልጆች፣ ይህን ሱቅ ለማን ልተወው?» ብሎ ጠየቃቸው። እኔ ከፎቅ እሰማለሁ። አምስት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። አንዱ ለቆራጩ፣ አንዷ ለሚስቱ አለች፤ አንዱ አስማተኛውን ልጅ ሄደን እናምጣው አለ። ዘንዶው በዚያ ቀን ሳይነካ አደረ።

ጓደኞቹ ከሄዱ በኋላ ልጄ ወደ ፎቅ ወጣ። ጥያቄውን ከየት እንዳመጣው ልጠይቀው ስል እሱ ቀደመኝ። «አያቴ ሱቁን ምን እንደሚያደርጉት ሲጠይቁህ አንተ ምን አልካቸው?» አለኝ። ለካስ ከእናቱ ሰምቶ ኖሯል።

እኔም እንዳልኩት ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ፈተና እንደነበረብኝም ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «ስልኩን ብትደውልላቸው ኖሮ ደግሞ ከፈተናው በኋላ» አለኝ። ልክ ነው፤ መደወል ነበረብኝ። እናንተ የምትደውሉላቸው ሰዎች አሁንም ስልክ የሚያነሡላችሁ ከሆነ ደውሉ።

ቸር ይግጠመን።